«መስቀል ይሳለሙታል እንጂ ያነቡታል እንዴ?»

አንዲት ነርስ ከዚሁ ከጎንደር የጻፈችልኝን አሳጥሬ ላስቀድም።

«መምህር፣ እንደምን አሉ? ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ መስቀል ስትሳለም ግን ፊቷ ይበራ ነበር። ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ ስለ መስቀሉ የተጻፈ ወፍራም የቲዎሎጂ መጽሐፍ አዋሰችኝ። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ እኔ ኦርቶዶክስ። ሁለት ምዕራፍ እንደዘለቅሁ ‹አብ ቁጣውን በልጁ ላይ አፈሰሰ› የሚል ቦታ ደረስኩና ልቤ ቀዘቀዘ። ዘጋሁት። ባለቤቴ ደግሞ ‹መስቀል ይሳለሙታል እንጂ ያነቡታል እንዴ?› ይለኛል። እውነት እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ምን ይጠቅመኛል? አያቴ ሳታነብ ኖራ የለ?»

እህቴ፣ ባለቤትሽ ግማሽ ልክ ነው። መስቀል መጀመሪያ ይሳለሙታል። ሳይጸልይ ስለ መስቀል ሺህ ገጽ የሚያነብ ሰው፣ የጠላ አጠማመቅ በቃሉ ይዞ ጌሾ ሸትቶት የማያውቅ ሰው ነው።

ግን አንድ ነገር አስታውሺው። በዓመት አንድ ሳምንት መስቀል የማንሳለምበት ጊዜ አለ። ሰሙነ ሕማማት። ካህኑ በመስቀል አይባርክም፤ እኛም አንሳለምም። ታዲያ ምን እናደርጋለን? እንሰግዳለን፤ የሳምንቱ የንባብ መጽሐፍ፣ ግብረ ሕማማት፣ ሲነበብ እንሰማለን። ጠዋት ይነበባል፣ ቀን ይነበባል፣ ዓርብ እስኪመሽ ይነበባል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ «ይህን ሳምንት መሳለሙን ተዉትና ስሙ፣ አስቡ» ብላ ለይታ አስቀምጣለች። ባለቤትሽ ለዚህ መልስ ካለው ይጻፍልኝ።

ወደ አያትሽ ልምጣ። አያትሽ አላነበበችም፤ ተነቦላታል። ልዩነት አለው። በቅዳሴ ሐዋርያት ውስጥ ካህኑ ጌታ በፈቃዱ ለሕማም እንደተሰጠ ይናገርና ለምን እንደሆነ ይደረድራል። ሞትን ሊሽር፣ የሰይጣንን ማሰሪያ ሊበጥስ፣ ሲኦልን ሊረግጥ፣ ቅዱሳንን ሊመራ፣ ሥርዓትን ሊተክል፣ ትንሣኤውን ሊገልጥ። በአንድ ትንፋሽ። እኔ ይህንኑ ለተማሪዎች ለማስረዳት ወራት ይፈጅብኛል። አያትሽ በየእሑዱ ስትሰማው ኖራለች። ግእዙ ባይገባት እንኳ ከሰባኪው፣ ከነፍስ አባቷ፣ ከግድግዳው ሥዕል ለቅማዋለች። ፊደል አለመቁጠር አለመማር አይደለም።

ያንቺ ጆሮ ግን የአያትሽ ጆሮ አይደለም። አትቀየሚኝ። አንቺ ማታ ተረኛ ነሽ። እሑድ ከተረኝነት ወጥተሽ ትተኛለሽ። ስልክሽ ላይ በ1 ደቂቃ አምስት ሰባኪ ይጮህብሻል፤ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ፣ አንዱ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። እያንዳንዱ ስለ መስቀሉ የሆነ ነገር ጥሎብሽ ይሄዳል። ስለዚህ ምርጫሽ «ቲዎሎጂ ላንብብ ወይስ ልተው» አይደለም። ቲዎሎጂው ጭንቅላትሽ ውስጥ ገብቷል። ያላየሽው፣ ያልመረመርሽው፣ ማን እንዳስገባው የማታውቂው ቲዎሎጂ። ማንበብ ማለት ያንን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

እኔ ለዚህ ሥራ የነቃሁት ለቅሶ ቤት ነው። አንዲት እናት የአንድ ልጇ ሬሳ ወጥቶባት ተቀምጣለች። አንድ ጎረቤት ሊያጽናና ብሎ «ምን ታለቅሻለሽ፣ እግዚአብሔርስ የገዛ ልጁን ገድሎ የለ!» አላት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አንድም መጽሐፍ አላነበበም። ግን ስለ መስቀሉ አንድ አስተሳሰብ ነበረው፤ ያም አስተሳሰብ ሰው ጎዳ።

ልብሽን ያቀዘቀዘው ዓረፍተ ነገርም የዚያ ዘመድ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቅዳሜ ጊዜ ካገኘሽ እዚሁ ወዳለው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውጪ። ሁሉም ሰው እንደገባ ያንጋጥጣል፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ለማየት። አንቺ አታንጋጥጪ። የመቅደሱን ግድግዳ ፊት ለፊት እዪው። ከላይ ሥላሴ አሉ። ከሥራቸው ስቅለቱ አለ። ሠዓሊው ሁለቱን ለያይቶ መሣል ይችል ነበር፤ ቦታ አልጠበበውም። አልለያየም።

አሁን የሥላሴን ፊት እዪ። ሦስቱም አንድ ናቸው። አንድ ዓይነት ጢም፣ አንድ ዓይነት ዓይን። አንዱ ተቆጥቶ፣ አንዱ እየለመነ፣ አንዱ ዳር ቆሞ አታዪም። የጎንደር ሠዓሊ «ቁጡ አብ፣ ርኅሩኅ ወልድ» የሚል ሥዕል እንዲሥል ቢታዘዝ በየትኛው ፊት ላይ ቁጣውን ያስቀምጥ ነበር? ቦታ የለውም። ከላይ ያለው ፈቃድ አንድ ነው። ከሥር በመስቀል ላይ ያለውም ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ከውጭ ተጠርቶ የመጣ ሦስተኛ ወገን አይደለም።

ይህንን ግድግዳ ለዓመታት አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ካነበብኩ በኋላ ነው። የማንበብን ጥቅም ከጠየቅሽኝ መጀመሪያ የማነሣልሽ ይህንን ነው።

ያስነበበኝ ደግሞ አትናቴዎስ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ። ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈው መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ባልደረባሽ ካዋሰችሽ የሚያንስ ይመስለኛል። ውስጡ ያሉት ምሳሌዎች ለጎንደር ሰው የተጻፉ እስኪመስሉ ድረስ ቅርብ ናቸው።

አንደኛው እንዲህ ነው። አንድ ታላቅ ንጉሥ ወደ አንድ ከተማ ገብቶ ከቤቶቹ በአንዱ ቢቀመጥ ከተማው በሙሉ ይከበራል። ሽፍታ አይደፍረውም። ሁሉም ሰው ንጉሡን ባያስተናግድም በአንዱ ቤት ምክንያት ሁሉም ይጠበቃል። ከፋሲል ግንብ ሥር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ እኮ እስከ ዛሬ «የነገሥታት ከተማ» እየተባልን የምንኮራው በዚሁ ሒሳብ ነው። አትናቴዎስ ቃል ሥጋ ሲሆን በሰው ዘር ላይ የደረሰው ይህ ነው ይላል።

ሁለተኛው የሥዕል ምሳሌ ነው። በእንጨት ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢጠፋ እንጨቱ አይጣልም። ባለመልኩ ሰው እንደገና መጥቶ ይቀመጣል፤ ሠዓሊው በዚያው እንጨት ላይ መልኩን ያድሰዋል። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ፤ መልኩ ቆሸሸ። እንጨቱን ከመጣል ይልቅ ባለመልኩ ራሱ መጣ። እዚህ ምሳሌ ውስጥ የተናደደ አባት ፈልጊ። አታገኚም።

ለምን በመስቀል? ለምን በሌላ ሞት አልሆነም? ይህንንም ይጠይቃል። ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። እጁን ዘርግቶ የሚሞተው የተሰቀለ ሰው ብቻ ነው ይላል፤ በአንድ እጁ ቀድሞ የተጠራውን ሕዝብ፣ በሌላው አሕዛብን ወደ ራሱ ሊስብ። ቅዳሴያችንም እጁን ለሕማም እንደዘረጋ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ስቅለቱን ሳይ እጆቹን ሳላይ አላልፍም።

አሁን ወደ «ካሳ» እንሂድ። እዚህ ላይ ነገሩ ይወፍራል።

ከአዳም በደል ወዲህ ስላለው ነገር ስንናገር ቤዛ፣ ዕዳ፣ ካሳ፣ ዕርቅ እንላለን። እነዚህ ቃላት ለእኛ የመጽሐፍ ብቻ አይደሉም። የሽማግሌ ቃላት ናቸው። በእኛ አገር ደም ሲፈስ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ወገን ደም ሊመልስ ይነሣል። ሽማግሌ ይገባል። ካህን መስቀል ይዞ መሐል ይቆማል። ካሳ ይቆረጣል። የገዳይ ወገን አዋጥቶ ይከፍላል። ከዚያ ደሙ ይደርቃል ይባላል። አሁን አንድ ነገር አስቢ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሳለ ካሳውን ተሸክሞ የመጣው የሟች አባት ቢሆንስ? ተበዳዩ ራሱ ከፋይ ሆኖ ቢመጣስ? ሽማግሌ ሁሉ ይደነግጣል። እንዲህ ያለ ዕርቅ አይቶ አያውቅማ። ጳውሎስ «እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበርና» ሲል እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚናገረው። አስታራቂውም፣ ተበዳዩም፣ ከፋዩም አንድ ወገን ናቸው።

በነገራችን ላይ «ካሳ» በአማርኛ ሁለት ልብ አለው። አንደኛው ለጠፋው ንብረት የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ «ካሳ» ይባላል፤ ተካሰን ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስም በልጅነት ስማቸው ካሳ ነበሩ። አንደኛው ሒሳብ ነው፣ ሁለተኛው መጽናናት። ስለ መስቀሉ ስናወራ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን ከረሳን ጭንቅላታችን ውስጥ የሚቀረው የገንዘብ ቤት ብቻ ነው።

የካሳው ምሳሌ ግን ወሰን አለው። «ካሳው ለማን ተከፈለ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ይሰበራል። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ለሰይጣን ነው እንዳንል ነውር ነው፤ ወንበዴ እግዚአብሔርን ራሱን ዋጋ አድርጎ ሊቀበል? ለአብ ነው እንዳንል ደግሞ አብ ይስሐቅን እንኳ ሲያቀርቡለት አልተቀበለም፤ በግ ተካ። እንዴት በአንድ ልጁ ደም ይደሰታል? ጎርጎርዮስ አብ የተቀበለው ፈልጎት ወይም ቸግሮት እንዳልሆነ፣ የሰው ባሕርይ መቀደስ ስለነበረበት እንደሆነ ይናገርና ቀሪውን በዝምታ ያከብራል። ከ1600 ዓመት በፊት። አንቺ ምዕራፍ ሁለት ላይ መጽሐፉን ስትዘጊ ያሰብሽው ይህንኑ ነው። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ነው።

ያ የመጽሐፍሽ አነጋገር ከየት መጣ? ረጅም ታሪክ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሴልም የሚባል የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነበር። ጌታና ገባር ባለበት ዘመን ኖረ። ኃጢአትን ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር መንፈግ አድርጎ አየው። መክፈል ያለበት ሰው ነው፤ መክፈል የሚችለው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከፋዩ አምላክም ሰውም ሊሆን ይገባል አለ። ልብ በዪ፣ አንሴልም «ወይ ካሳ ወይ ቅጣት» ነው ያለው፤ ካሳው ስለተከፈለ ቅጣቱ ቀረ። በ16ኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን መጣ። ሕግ የተማረ ሰው ነው። ቋንቋው ወደ ፍርድ ቤት ተጠጋ፤ ፍርዱና ቅጣቱ በእኛ ፋንታ በክርስቶስ ላይ አረፈ አለ። ከዚያ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲመጣ ችኩል ሰባኪዎች «አብ ተናደደ፣ ወልድ ተመታ» ወደሚል አሳጠሩት።

ባልደረባሽን እንዳታሳዝኚያት ግን ይህንንም ልጨምር። ከእነሱው ወገን ጆን ስቶት እ.ኤ.አ. በ1986 በመስቀሉ ላይ በጻፈው መጽሐፍ አብንና ወልድን እርስ በርስ ማጋጨት ስሕተት ነው ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። በእኛ ፋንታ የቆመው እግዚአብሔር ራሱ ነው ይላል። ስለዚህ ያነበብሽው ዓረፍተ ነገር የፕሮቴስታንት ሁሉ ቃል አይደለም። ምናልባት ያንቺው መጽሐፍም ወረድ ብሎ ያስተካክለው ይሆናል። ሁለት ምዕራፍ አንብቦ መፍረድ ይከብዳል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ልያዝ ትይኛለሽ። ለዚህ ደግሞ ጎንደር የራሷ መልስ አላት። አንድምታ።

የአንድምታ መምህር ቃሉን ያነባል፤ ይተረጉማል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። «አንድም» ይልና ሦስተኛ። የመጀመሪያውን አላፈረሰም። ጎን ለጎን አቆማቸው። ታች ቤት የሚባለው የትርጓሜ ወገን በመምህር ኤስድሮስ የተቃናው በዚሁ በጎንደር ነው። እኔ እንደማየው ስለ መስቀሉ ማንበብ የሚገባው በዚህ ዓይነት ነው። አንድም ካሳ ነው። አንድም ድል ነው፣ ሞትን በሞቱ ረገጠ። አንድም መድኃኒት ነው፣ በምድረ በዳ እንደተሰቀለው የናስ እባብ፣ ያየው ይድናል። አንድም ፍቅርን የሚያስተምር ነው። ይህን የመጨረሻውን በ12ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ አቤላርድ ብቻውን አንጠልጥሎ ሊሄድ ሞክሮ ተነቅፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ የስዊድኑ ጉስታፍ አውሌን የጥንቶቹ አባቶች ዋና ቃል ድል ነበር ብሎ ምዕራቡን አስታወሰ። እኛ «መስቀል ኃይላችን ነው» እያልን ስንጸልይ የኖርነውን ማለት ነው። ጥሩ፣ እንኳን ደኅና መጣህ።

ልብሽ የቀዘቀዘው አንዱ ምሳሌ ብቻውን ስለቀረበልሽ ነው። አንዱ ምሳሌ ብቻውን ሲነግሥ ይመርራል። «አንድም» ሲጨመርበት ይለዝባል። እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ የምትለዋን ምሳሌ ማምጣት ነበረብኝ፤ ሁሉም ሰው ያመጣታል፣ ዛሬ ትረፍ።

ሌላው የማንበብ ጥቅም መስቀል ነውር እንደነበር ማስታወስ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ የምታዪው ነገር የባሪያና የዓመፀኛ መግደያ ነበር። የሮማው ተናጋሪ ሲሴሮ መስቀል የሚለው ቃል ራሱ ከሮማ ዜጋ ጆሮ ይራቅ ብሎ ነበር። ሮም ውስጥ ግድግዳ ላይ የተጫረ አንድ የጥንት ሥዕል ተገኝቷል። የአህያ ራስ ያለው ሰው ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ ሰው እጁን አንሥቷል። ጽሑፉ «አሌክሳሜኖስ አምላኩን ያመልካል» ይላል። ፌዝ ነው፤ ጓደኛቸው ክርስቲያን ሆኖባቸው። ጳውሎስ «የመስቀሉ ቃል ለሚጠፉት ሞኝነት» ሲል በዚህ ዓይነት ፌዝ መሐል ቆሞ ነው።

የጎንደር ነገሥታት ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ታውቂው ይሆናል፤ የእሾህ አክሊል የደፋ፣ ራሱን የተመታ ጌታ። ንጉሡ ወደ ጦርነት ይዞት የሚወጣው ያንን ነው። በፈረስ ላይ ያለ ድል አድራጊ አልመረጠም፤ የተደበደበ ሰው መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የሱዳኑ የስናር ጦር ማርኮት ዋጋ ተከፍሎበት ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ እንግሊዞች ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የሚገርመኝ ግን መወሰዱ ብቻ አይደለም። የተዋረደ አምላክ ሥዕል የንግሥና ምልክት መሆኑ ነው። ነገሥታቱ እንደ ሥዕሉ ኖሩ ወይ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የማይል ነገር። ወደ ደባርቅ መንገድ ላይ ወለቃን ታውቂያታለሽ። ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎችና በሌሎችም ወደ እስራኤል ሄደዋል። የእኛ ሰው ስለ እነሱ ምን ይል እንደነበር ትልልቆቹን ጠይቂ። ቡዳ ናቸው፤ የጌታን ምስማር የቀጠቀጡት አባቶቻቸው ናቸው። ይህን የሚለው ሰው መስቀል ይሳለም ነበር። በየዓመቱም ይሰግድ ነበር። መስቀሉን ግን ጎረቤቱን መምቻ አደረገው። ጸሎተ ሃይማኖታችን በጲላጦስ ጰንጤናዊ ዘመን «ስለ እኛ» ተሰቀለ ይላል። ጥፋተኛ ፍለጋ ወደ ወለቃ አይልክሽም። የተሰቀለው ራሱም «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ብሏል። ያንን ወሬ በጊዜው ሊያስቆም ይችል የነበረው ይህ ቃል ነበር፤ ከልብ ቢነበብ።

ሆስፒታል ስለምትሠሪ አንድ ልጨምር። ባሏ ደብድቧት የመጣች ሴት አክመሽ አታውቂም? «መስቀሌ ነው፣ ምን ላድርግ» ስትልስ አልሰማሽም? ይህንን ማን እንዳስተማራት እንጃ። ዘመድ፣ ሽማግሌ፣ አንዳንዴም ካህን። እዚህ ላይ ነገረ መስቀል በግልጽ ሊናገር ይገባል። ጌታ ስለ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ነው ያለው። መስቀል በፈቃድ የሚነሣ ነው፤ በጡጫ የሚጫን አይደለም። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1518 በሃይደልበርግ ባደረገው ክርክር የክብር ሊቅ፣ ማለትም እግዚአብሔርን በክብርና በኃይል ብቻ የሚፈልግ፣ ክፉውን መልካም፣ መልካሙን ክፉ ይላል፤ የመስቀል ሊቅ ግን ነገሩን በስሙ ይጠራዋል ብሏል። በሉተር ብዙ ነገር አልስማማም። በዚህ ግን እጄን አነሣለሁ። ድብደባ ድብደባ ነው። መስቀል ብለሽ አትጥሪው፤ ለሴትዮዋም ንገሪያት።

የሚሞት ሰው አጠገብ ስትቆሚስ? በጦርነት ጊዜ ሐምቡርግ በቦምብ ስትነድ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ አንድ ወጣት ጓደኛው አጠገቡ ሞተበት። በኋላ ተማርኮ በስኮትላንድ እስር ቤት ወንጌለ ማርቆስን ሲያነብ «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለው ቃል ያዘው። ዩርገን ሞልትማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 በዚያ ጩኸት ላይ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ሕመሙ ወደ መለኮት ውስጥ ጭምር ይገባል እስከማለት ሄደ። እኔ እዚያ አልከተለውም፤ ከእስክንድርያው አባት ከቄርሎስ ጋር ነኝ። ቄርሎስ ቃል በሥጋ ታመመ ይላል፤ መለኮቱ የማይታመም ሆኖ ሳለ የታመመው ግን ሌላ ሰው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው። በቅዳሴ «ሕያው ዘኢይመውት» ብለን ወዲያው «ተሰቅለ ዲበ ዕፀ መስቀል» የምንለው ለዚህ ነው። የማይሞተው ተሰቀለ። ሁለቱንም ቃል አንለቅም። ታማሚ «እግዚአብሔር የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ ግን ሞልትማንም ቄርሎስም ወደ አንድ ቦታ ያመለክቱሻል። የምትናገሪው ነገር ላይኖርሽ ይችላል። ቢያንስ ያ ለቅሶ ቤት የነበረው ሰውዬ ያለውን አትዪም።

ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከማርቆስ ምዕራፍ 14 እስከ 16። በአንድ ተቀምጦ፣ ስልክ ዘግቶ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ የአትናቴዎስን ውሰጂ፤ እንግሊዝኛ የምታነቢ ከሆነ በነፃ ይገኛል። ከዚያ የአባቶች ቃል የተሰበሰበበትን ሃይማኖተ አበው፤ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ አለ። እሱን ግን ከዳር እስከ ዳር አትሞክሪው፣ ይደክምሻል። የአትናቴዎስንና የቄርሎስን ክፍል ፈልጊ። ሲከብድሽ መምህር ጠይቂ። በዚህ ከተማ የትርጓሜ መምህር ካጣሽ የት ልታገኚ ነው?

ያን ወፍራም መጽሐፍም ገና አትመልሺው። ባልደረባሽን ከሥራ በኋላ ቡና ጥሪያትና ያንን ገጽ አብራችሁ ክፈቱት። «እዚህ ላይ የተቆጣው ማን ነው? የተሰቀለውስ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። እሷም ያላሰበችበት ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽም እዚያው ይቀመጥ፤ ቡናውን ይቁላ።